እባብ ነው ብላችሁ መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት፦ አሊጌተር ሊዛርድን መለያና በሰላም መሸኛ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በምኖርበት ግቢ ምድር ቤት ያሉት እትዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብተው ጩኸታቸውን ለቀቁት። «አንተ ልጅ! ኧረ ድረስልኝ፣ እባብ!» ሮጬ ወረድኩ። መጥረጊያ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከማሽኑ ሥር ረጅም ቡናማ ነገር ተጋድሟል። ጎንበስ ብዬ አየሁት።

«እትዬ፣ እግር አለው እኮ» አልኳቸው።

«እና እግር ያለው እባብ ነዋ!»

አልፈርድባቸውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ይሄኛው ደግሞ ከልጥም የባሰ እባብ ይመስላል። ሲሮጥ አጫጭር እግሮቹን ከጎኑ አጣብቆ ይሳባል። ጅራቱ ከአካሉ ይረዝማል። ከቁም ሣጥን ሥር ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ ካደረገ ማንም ይደነግጣል።

ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገን ወይም ዋሽንግተን ስቴት የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቀን ከእሱ ጋር መገናኘታችሁ አይቀርም። ጓሮ፣ ጋራዥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንዳንዴ ጫማ ውስጥ። ያን ቀን ምን እንደምታደርጉ ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ግን ማን እንደሆነ እንተዋወቅ።

ማን ነው?

አሊጌተር ሊዛርድ ይሉታል፤ አዞ መሰል እንሽላሊት እንደማለት ነው። ከአዞ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ስሙን ያወጡለት ጀርባው ላይ በረድፍ የተደረደረውን ሻካራ ቅርፊትና ባለ ሦስት ማዕዘን ትልቅ ጭንቅላቱን አይተው ነው። ከየቅርፊቱ ሥር ትንንሽ የአጥንት ሰሌዳ አለ። ጥሩር ለብሶ ይሄዳል ማለት ይቻላል።

ጥሩር ደግሞ አይለጠጥም። ታዲያ እንዴት ይተነፍሳል? መልሱ ጎኑ ላይ ነው። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ኋላ እግሩ ድረስ በጎንና በጎኑ አንድ እጥፋት ይወርዳል። እዚያ ላይ ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ቅርፊቱም ደቃቅ ነው። ሲተነፍስ፣ ሲጠግብ፣ ሴቷ እንቁላል ስትይዝ እጥፋቱ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ይከፈታል። ይህን እጥፋት አስታውሱት፤ በኋላ ለመለየት ይጠቅማችኋል።

ሳይንቲስቶች ይህን ወገን ኤልጋሪያ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1838። ኤልጋሪያ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ብቻ ነው፤ ከካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እስከ ሜክሲኮ። ስለዚህ ዲሲና አትላንታ ያላችሁ በዚህ በኩል ሰላም ናችሁ። ቴክሳስ ኦስቲን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ አንድ የአጎት ልጅ አለላችሁ። እሱ ጌሮኖተስ የሚባል ሌላ ወገን ነው፤ መልኩ ግን በጣም ይቀራረባል፤ የማስወጣቱ ዘዴም ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ቁሙ፣ ከዚያ ተመልከቱ

መጀመሪያ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። ይህን የምለው እንሽላሊቱን ፈርቼ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እውነተኛ መርዛማ እባብ አለ፤ ጅራቱን የሚያንሿሿው ራትልስኔክ። ስለዚህ እርግጠኛ እስክትሆኑ እጃችሁን አትስደዱ። ስልካችሁን አውጡና አጉልታችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፎቶው ላይ እነዚህን ፈልጉ፦

- እግር። አራት ነው፤ አጭርና ቀጭን ነው። ከሰውነቱ ጋር ሲያጣብቀው ላይታይ ይችላል።
- የዐይን ቆብ። እባብ ዐይኑን አይጨፍንም፤ ቆብ የለውም። ይሄኛው ያርገበግባል። ትንሽ ታግሳችሁ ካያችሁት ዐይኑን ይከድናል።
- ጆሮ። ከአፉ ጫፍ ኋላ ቀዳዳ ይታያል። እባብ ውጫዊ የጆሮ ቀዳዳ የለውም።
- ያ የጎን እጥፋት።

ሦስቱ ከተሟሉ በቃ፣ እባብ አይደለም። መጥረጊያውን አስቀምጡ። መርዝም የለውም። ይነክሳል ወይ? አዎ፣ ከያዛችሁት ይነክሳል። ወደዚያ እንመጣለን።

ጓሮ ስታጸዱ ሙሉ የእባብ ቆዳ የሚመስል ነገር ብታገኙም ወዲያው አትደምድሙ። ብዙ እንሽላሊቶች ቆዳቸውን ቁርጥራጭ አድርገው ነው የሚጥሉት። አሊጌተር ሊዛርድ ግን እንደ እባብ ባንድ ጊዜ፣ እንደ ካልሲ ገልብጦ ያወልቀዋል። ቆዳውን ዘርጉት፤ የእግር ቀዳዳ ካለው ባለቤቱ ታውቋል።

ደረጃ 2፦ ከጎረቤቶቹ ለዩት

እዚህ ሁለት ሌሎች እንሽላሊቶች ያምታታሉ። አጥር ላይ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ «ፑሽአፕ» የሚሠራውና ሆዱ ሰማያዊ የሆነው ሌላ ነው፤ ፌንስ ሊዛርድ ይባላል። አሊጌተር ሊዛርድ እንደዚያ አደባባይ ላይ አይወጣም። ቅጠል ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ የእንጨት ክምር ሥር ነው የሚውለው። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ አመሻሽ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ስኪንክ ነው። ቆዳው ዘይት እንደተቀባ ያብረቀርቃል፤ ልጅ ሳለ ጅራቱ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ችግሩ የአሊጌተር ሊዛርድ ጫጩትም እንደ አባቱ አይመስልም። ጀርባው ላይ ሰፊ የመዳብ ቀለም መስመር ተጋድሞበታል፤ ጎኑ ጠቆር ይላል፤ የአዋቂው ቀበቶ መሰል ጥቁር መስመር ገና አልወጣለትም። ግራ ከገባችሁ ጅራቱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ስኪንክ ነው።

ደረጃ 3፦ የትኛው ዝርያ ነው?

ይህን ደረጃ የቸኮለ ሊዘለው ይችላል፤ እንሽላሊቱን ለማስወጣት ስሙን ማወቅ ግድ አይደለም። እኔ ግን የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ስሙን ያወቃችሁትን ነገር ደግሞ በመጥረጊያ ለመምታት እጅ አይሄድም።

መጀመሪያ ካርታ፣ ከዚያ ዐይን፣ ከዚያ ሆድ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

*ካርታ።* ሎስ አንጀለስ ወይም ሳንዲያጎ ከሆናችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ያለው የደቡቡ ዝርያ ነው፤ ኤልጋሪያ ማልቲካሪናታ። ሲያትል ከሆናችሁ የሰሜኑ ነው፤ ኤልጋሪያ ሴሩሊያ። እዚያ ሌላ ምርጫ የለም፤ የደቡቡ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የሚገኘው ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ በኩል ብቻ ነው። ኦክላንድ፣ ሳንሆዜና ሳንፍራንሲስኮ አካባቢ ያላችሁ ግን ሁለቱም ስላሏችሁ ወደ ዐይን ማለፍ አለባችሁ። ፖርትላንድም እንደዚሁ።

*ዐይን።* የደቡቡ ዐይን ቢጫ ነው። ደማቅ፣ ትንሽ የተቆጣ የሚመስል ቢጫ። የሰሜኑ ዐይን ብሌኑ ዙሪያ ጠቆር ያለ ነው። አንዴ ካያችሁት አይጠፋችሁም።

*ሆድ።* ይህ የባለሙያዎቹ ዘዴ ነው፤ ደስ ስለሚል ልንገራችሁ። የሁለቱም ሆድ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች በርዝመት ይሄዳሉ። የደቡቡ መስመር የሚያልፈው በቅርፊቶቹ መሀል ለመሀል ነው። የሰሜኑ መስመር ደግሞ በቅርፊቶቹ መጋጠሚያ፣ በጠርዝና ጠርዝ መካከል ነው። ሆዱን ለማየት መገልበጥ የለባችሁም። ንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ካለ ከሥር ፎቶ አንሱት።

በመጠንም ይለያያሉ። የደቡቡ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መነሻ እስከ 18 ሳንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ተቆርጦ የማያውቅ ጅራት ደግሞ የአካሉን እጥፍ ሊረዝም ይችላል። የሰሜኑ አጠር ይላል፤ አካሉ ከ14 ሳንቲሜትር አይበልጥም።

ትልቁ ልዩነታቸው ግን በዐይን አይታይም። የደቡቡ እንቁላል ይጥላል። የሰሜኑ ይወልዳል። አዎ፣ ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል፤ ብዙውን ጊዜ በበጋው ወራት፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር። የአንድ ወገን ልጆች ሆነው እንዲህ የተለያዩት ለምን ይሆን? ሳይንቲስቶች ነገሩን ከብርድ ጋር ያያይዙታል። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ላይፈለፈል ይችላል። እናት ግን ልጆቿን በሆዷ ይዛ ፀሐይ ወዳለበት ትሄዳለች። የሰሜኑ ደግሞ ቀዝቃዛና ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። ደጋና ቆላ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የቀሩትን በአጭሩ ላውሳቸው። ሞት ሸለቆ (ዴዝ ቫሊ) ከሚባለው በረሃ በላይ ባሉት ደረቅ ተራሮች፣ ኢንዮና ሞኖ ካውንቲ ውስጥ፣ ፓናሚንት አሊጌተር ሊዛርድ ይኖራል። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሮበርት ስቴቢንስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958። ጀርባው ላይ ሰፋፊ ቀበቶዎች አሉት። ምንጭ ባለባቸው ጠባብ ሸለቆዎች ውስጥ ስለሚደበቅ ብዙ ሰው አያየውም። አሪዞና ያላችሁ ደግሞ ተራራና የወንዝ ዳር ስትወጡ ኤልጋሪያ ኪንጊን ልታገኙት ትችላላችሁ። ምልክቱ የላይኛው ከንፈሩ ላይ የተደረደረው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነው። ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከባሕረ ገብ መሬቱ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ሴድሮስ ደሴት ሌሎችም አሉ። የደሴቶቹን አንዳንዱ ሳይንቲስት ራሱን እንደቻለ ዝርያ፣ ሌላው እንደ ንዑስ ዝርያ ይቆጥራቸዋል። እኛ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስለማናገኛቸው ክርክሩን ለእነሱ እንተው።

ደረጃ 4፦ ከቤት ማስወጣት

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ብቻ ነው፦ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን፣ ጠንካራ ካርቶን፣ እርጥብ ፎጣና ትዕግሥት። ወፍራም የአትክልት ጓንት ካላችሁ ጥሩ።

1. ሰው ከክፍሉ ይውጣ። በተለይ ሕፃናት። ድመትና ውሻ ካላችሁ ሌላ ክፍል ዝጉባቸው።

2. ወደ ሌላ ክፍል የሚያስገባውን በር ዝጉና ከሥሩ ፎጣ ወትፉ። ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ክፈቱ። አንዳንዴ ሥራው እዚህ ያልቃል፤ ራሱ ይወጣል።

3. ወለሉ መሀል ከሆነ ሳህኑን ቀስ ብላችሁ ክደኑበት። ጅራቱ ጠርዙ ሥር እንዳይጨፈለቅ ተጠንቀቁ። ካርቶኑን ከሥር አንሸራትቱት። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙና ውጡ።

4. ግድግዳ ተጠግቶ ከሄደ የጫማ ካርቶን በጎኑ አጋድማችሁ ከፊቱ አስቀምጡ። ጨለማና ጠባብ ነገር ይወዳል። ከኋላው በጋዜጣ ቀስ ብላችሁ ወለሉን ብትነኩ ቀጥ ብሎ ይገባል።

5. ማሽን ሥር ወይም ቁም ሣጥን ኋላ ከገባ ዕቃውን አትጎትቱ። ትጨፈልቁታላችሁ። ይልቅ እርጥቡን ፎጣ ጠቅልላችሁ ወለሉ ላይ አጠገቡ ተዉት፤ መብራቱን አጥፉና ሂዱ። ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ፎጣው ሥር ልታገኙት ትችላላችሁ። ከነፎጣው አንስታችሁ አውጡት።

የእትዬን እንግዳ ያስወጣሁት በአምስተኛው ዘዴ ነው። እሳቸው ግን ያን ፎጣ ዳግመኛ አልነኩትም። እስካሁን እኔ ቤት አለ።

በእጅ መያዝ ግዴታ ከሆነ ጓንት አድርጉ። ከጭንቅላቱ ኋላና ከወገቡ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ ያዙት። *በጅራቱ ፈጽሞ አትያዙት።* ጅራቱን ጥሎላችሁ ይሄዳል። የተጣለው ጅራት ለብቻው ለደቂቃዎች ይዘላል፤ ይገላበጣል። ዓላማውም ይኸው ነው፤ ድመቷ ጅራቱን ስታሳድድ ባለቤቱ ያመልጣል። ጅራቱ እንደገና ይበቅላል። ግን አዲሱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ውስጡ አጥንት ሳይሆን ልምጭምጭ ነው፤ ቀለሙም ይለያል። የመጀመሪያው ጅራት ደግሞ ለመውጣት ይረዳዋል፤ ቁጥቋጦ ላይ ሲወጣ ቅርንጫፍ ይጠመጥምበታል። ስለዚህ አታስጥሉት።

ሌላም አለ። ሲያዝ ኩሱን ይለቅባችኋል። ሽታው ክፉ ነው። አዲስ ልብስ አትልበሱ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡ፤ እንደ ሌሎች ተሳቢዎች ሁሉ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል።

ቢነክስስ?

ነክሶ አይለቅም፤ ተንጠልጥሎ ይቆያል። መንጋጋው ጠንካራ ነው። መርዝ ግን የለውም። እጃችሁን አትጎትቱ፤ ብትጎትቱ ቆዳችሁም ይቀደዳል፤ የእሱም ጥርስ ይሰበራል። እጃችሁን ወደ መሬት አውርዱና እግሮቹ መሬት እንዲረግጡ አድርጉ። ማምለጥ እንደሚችል ሲያውቅ ይለቃችኋል። ከዚያ ቁስሉን በውኃና በሳሙና እጠቡ። ቆዳችሁ ከተበሳ እንደማንኛውም የእንስሳ ንክሻ ተከታተሉት፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ሐኪም ይየው።

ደረጃ 5፦ ሙጫ ወጥመድ ላይ ከተጣበቀ

ይህ በጣም የሚያሳዝነው ነው። ለአይጥ ወይም ለበረሮ ተብሎ የሚዘረጋው የሚያጣብቅ ካርቶን እንሽላሊትንም ይይዛል። ስታገኙት በሕይወት ሊኖር ይችላል። አትላጡት፤ ቆዳው ተገፎ ይቀራል።

ጥላ ቦታ ውሰዱት። የምግብ ዘይት አምጡ። ጥጥ በጠቀለለ ቀጭን እንጨት ዘይቱን ሙጫው ከቆዳው በሚገናኝበት ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርጉ። አፍንጫውና አፉ ላይ እንዳይደርስ። ትንሽ ጠብቁ፤ ሙጫው ይለሰልሳል። ከእግር ጀምሩ፤ አንድ እግር ሲለቅ ከሥሩ ወረቀት አስገቡ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይጣበቃል። ጅራቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ሲላቀቅ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና ዘይቱን አጥባችሁ በፎጣ አድርቁት።

ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ቁስል ካያችሁ ወይም የማይንቀሳቀስ ከሆነ በአካባቢያችሁ ወዳለ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ደውሉ። ወጥመዱን ግን ሁለተኛ አትግዙት።

ደረጃ 6፦ የት ይለቀቅ?

እዚያው ግቢ። «ሩቅ ፓርክ ወስጄ ልልቀቀው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ደግ ያደረገ ይመስለዋል። እንሽላሊቱ ግን የእናንተን ግቢ ነው የሚያውቀው፤ የት እንደሚደበቅ፣ የት ውኃ እንዳለ፣ የት ሸረሪት እንደሚበዛ። አዲስ ሰፈር ስትጥሉት እንደ አዲስ መጤ ነው የሚሆነው፤ ያውም ዘመድ የሌለው። ከበሩ ጥቂት ሜትሮች ራቅ አድርጋችሁ፣ ቁጥቋጦ ወይም የድንጋይ ክምር አጠገብ ልቀቁት።

እንዳይመለስ ከፈለጋችሁ የበሩን ሥር ክፍተት ዝጉ። ከዕቃ መደብር የበር ሥር ጎማ ይሸጣል፤ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። አብዛኛው የሚገባው በዚያ ነው።

ግቢ ውስጥ መኖሩ ግን ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ጎመናችሁን የሚበላውን ቀንድ አውጣ ይበላል። ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ በረሮ ይበላል። ጋራዥ ውስጥ የምትደበቀውን ጥቁሯን መርዛማ ሸረሪት፣ ብላክ ዊዶን፣ ከነእንቁላሏ ይበላል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ነው መጥረጊያውን ያስቀመጡት።

ጆሮው አካባቢ ትንንሽ መዥገር ተጣብቆ ካያችሁም አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። በምዕራቡ የአሜሪካ ጠረፍ መዥገር የላይም በሽታን ለሰው ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ግን የደቡቡ አሊጌተር ሊዛርድ ደም የላይምን ባክቴሪያ እንደሚገድል አሳይቷል። ያ ማለት መዥገሩን በእጃችሁ ንቀሉት ማለት አይደለም። ተዉት፤ ሥራውን ይሥራ።

ግቢውን ለእሱ ለማመቻቸት ጥቂት ነገር በቂ ነው። የወደቀውን ቅጠል ሁሉ ጠርጋችሁ አትጨርሱ። ጥግ ላይ የእንጨት ወይም የድንጋይ ክምር ተዉ። በበጋ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ትንሽ ውኃ አስቀምጡ። የአይጥና የቀንድ አውጣ መርዝ አትርጩ። ቁጥቋጦ ስትቆርጡ መጀመሪያ በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ፤ ከዚያ ማሽኑን አስነሱ። ድመታችሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ያዟት። ይህ የመጨረሻው ምክር ጠላት እንደሚያፈራልኝ አውቃለሁ። ግን ግቢዬ ውስጥ ሞቶ ያገኘሁት ሁሉ የድመት ጥርስ ያረፈበት ነበር።

ልጁ «እናሳድገው» ካለ

ይላል። የኔም ብሏል። መልሱ እንቢ ነው፤ ምክንያቱም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአገሩን ተሳቢ ከዱር ለመያዝ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዱር ተሳቢ መሸጥ ደግሞ ክልክል ነው። እንሽላሊትን በዓሣ ፈቃድ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሕግ እዩ፤ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል።

ለልጁ ሌላ ሥራ ስጡት። ስልክ ይያዝና ፎቶ ያንሳ። አይናቹራሊስት የሚባል ነፃ አፕ አለ። ፎቶውን ስትጭኑበት ዝርያውን ይጠቁማል፤ ከዚያ የሚያውቁ ሰዎች አይተው ያረጋግጣሉ። ጥሩ ፎቶ ሦስት ነው፦ ከላይ ሙሉ አካሉ፣ ከጎን ዐይኑ፣ ከተቻለ ሆዱ። የቤታችሁ አድራሻ እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ቦታውን የሚያደበዝዝ ምርጫ አለው፤ እሱን ንኩ።

ደቡብ ካሊፎርኒያ ያላችሁ ፎቶውን ራስካልስ ወደሚባለው ፕሮጀክት አክሉት። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው የሚያካሂደው፤ ኤክስፖዚሽን ፓርክ ያለው። ከፌርፋክስ፣ ከሊትል ኢትዮጵያ፣ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ቅዳሜ ልጆቹን ይዛችሁ ብትሄዱ አይቆጫችሁም።

ደረጃ 7፦ ሁለት ሆነው ካገኛችኋቸው

ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ሁለት አሊጌተር ሊዛርድ መንገድ ላይ ተያይዘው ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱ የሌላውን ጭንቅላት ወይም አንገት ነክሶ ይዟል። አይንቀሳቀሱም። የሞቱ ይመስላሉ። አልሞቱም፤ አልተጣሉምም። ወንዱ ሴቷን በመንጋጋው ይዞ ነው የሚቆየው፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ።

ምን ታደርጋላችሁ?

አትለያዩዋቸው። አታንሷቸው። መኪና መንገድ ላይ ከሆኑ ብቻ በካርቶን ላይ ሁለቱንም ሳትለያዩ ወደ ጎን አድርጓቸው። ድመትና ውሻ አርቁ፤ በዚህ ሰዓት መሮጥ አይችሉም። ከዚያ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ያዙ። የሙዚየሙ የተሳቢዎች ባለሙያ ግሬግ ፖሊ ለዓመታት እንዲህ ያለ ፎቶ ከሕዝቡ ሲሰበስብ ቆይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንሽላሊት ሲገናኝ ማየት ለአንድ ተመራማሪ ብርቅ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ግን ግቢው ውስጥ ስልክ ይዞ ይዞራል። በዚህ መንገድ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ደርሶታል። ከእሱም ጊዜው መቼ እንደሚጀምርና ከአየሩ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ማጥናት ተችሏል።

ሴቷ ከዚያ በኋላ የጸደዩ መጨረሻ ወይም የበጋው መጀመሪያ ላይ እንቁላሏን አፈር ወይም የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ትጥላለች። ብዙውን ጊዜ ከአሥር በላይ ነው። ስትቆፍሩ ነጭ ለስላሳ እንቁላል ካጋጠማችሁ ሳታገላብጡ እንደነበረ መልሳችሁ ሸፍኑት። በበጋው መጨረሻ ላይ ባለ መዳብ ጀርባዎቹ ጫጩቶች ይወጣሉ።

ባለፈው ኤፕሪል እትዬ ስልክ ደወሉልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

«እነዚያ ሁለቱ ተጣልተዋል» አሉኝ። «አንዱ አንዱን ሊበላው ነው። ናና ገላግላቸው።»

ነገሩን በስልክ ማስረዳት ከበደኝ። ደግሞም ትልቅ ሰው ናቸው። «እትዬ፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ ይተዉአቸው» ብቻ አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰማሁት።

ማታ ስገባ ስልካቸውን አቀበሉኝ። አሥራ አራት ፎቶ አንስተዋል፤ ዐይኑ፣ ጎኑ፣ ሁሉም አለ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጥንዶቹ እዚያው ነበሩ። እትዬም በራፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው የጎረቤቱን ድመት እየጠበቁ ነበር።